«ሴይሺዬት» ለምግብ ቤት ሰሌዳ ይሆናል ወይ? (እስከ 25ኛው መልስ)

ጥያቄዬ ይሄ ነበር።

እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ባነርና የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው የምሠራው። ሰሞኑን አንድ ምግብ ቤት ያላቸው ሰው ሰሌዳ አዘዙኝ። ቤታቸው ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የሚያልፈው ፈረንጅ ቆም ብሎ እንዲበላ ይፈልጋሉ። አማርኛው «ኑ፣ ጠግባችሁ ሂዱ» ይላል። ከሥሩ እንግሊዝኛ ይግባልኝ አሉ። አንድ ዘመዳቸው ከስልኩ ላይ «ሴይሺዬት» (satiate) የሚል ቃል አውጥቶ፣ እናጠግባችኋለን ለማለት ያህል ዓረፍተ ነገር ገጣጥሞላቸዋል። ቃሉን ጽሑፍ ላይ አይቼው አውቃለሁ። ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ግን አላየሁትም። ቀለም ከመንካቴ በፊት እዚህ ጣልኩት፦ ቃሉ ለሰሌዳ ይሆናል ወይ? የቋንቋው ባለቤቶችስ ሲበሉ ይሉታል ወይ?

መልሱ ጎረፈ። ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ቁጥሩ የመልሶቹ ተራ ነው። ስድቡን ቀንሼዋለሁ።

1ኛው የአንድ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ሰላምታቸው ብቻ ግማሽ ገጽ ይሆናል። ከሰላምታው በኋላ ግን ፍሬውን አስቀመጡት። ቃሉ ማጥገብ፣ ማርካት ማለት ነው። ለምግብም፣ ለጉጉትም፣ ለማወቅ ፍላጎትም ይሠራል። ሲነበብም «ሳቲዬት» አይባልም፤ «ሴይሺዬት» ነው፣ መጀመሪያው ላይ ጠበቅ ተደርጎ። ምንም ስሕተት የለበትም፣ ቀለምህን ንካ ብለው መርቀውኝ ሄዱ። 2ኛው አውራ ጣት ብቻ ነው።

3ኛው አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት የኖረ የሞላሌ ልጅ ነው። መምህሩን በአክብሮት ያዛቸው፤ ግን አልተስማማም። ከማዕድ የሚነሣ ፈረንጅ «ፉል» ነው የሚለው፤ ከበዛበት ደግሞ «ስታፍድ» ይላል። «ሴይሺዬትድ ነኝ» ብሎ ሳህን የመለሰለት እንግዳ አያስታውስም። ቃሉ የመጽሐፍና የጋዜጣ ነው፤ ገበታ ላይ ሲመጣ ከረባት አስሮ እንደ መጣ እንግዳ ነው አለ። ሰው በመጽሐፍ ቋንቋ ጠግቤያለሁ ማለት ካማረው እንኳ «ሴይትድ» የምትለው አጭሯ እህቱ ትቀልለዋለች ሲል ጨመረ።

እሳቱን የለኮሰው 4ኛው ነው። ሰውየው መዝገበ ቃላት ከፍቶ መጣ። የአሜሪካኖቹ ዌብስተር ለቃሉ ሁለት ደረጃ ይሰጠዋል፦ ፍላጎትን ሙሉ ለሙሉ ማርካት፣ ወይም ደግሞ ከልክ በላይ ማርካት። ስለዚህ ቃሉ በአንድ በኩል ጥጋብ፣ በሌላ በኩል ማንገሽገሽ ነው። ደንበኛህ ፈረንጁን እስኪያንገሸግሸው ላበላህ እያለው ነው ብሎ ሳቀብኝ።

5ኛው መምህሩ ናቸው፣ ተመልሰው። አሁንም በጨዋ ደንብ። ቃሉን ከጎኑ ያለው ይወስነዋል አሉ። የሥነ ምግብ ጽሑፍ ላይ አንድ ምግብ «ሴይሺዬቲንግ» ከተባለ ቶሎ የሚያጠግብ ማለት ነው፣ ምስጋና ነው። ልብ ወለድ ላይ አንድ ባለጸጋ በድሎት «ሴይሺዬትድ» ሆነ ከተባለ ግን ሰለቸው፣ ቃር ቃር አለው ማለት ነው። ይህን ሳነብ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

6ኛው አንድ ዲያቆን ነው። እኔ ከክሩ (ከዚህ የመልስ ሰንሰለት) ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው። በንጉሥ ጄምስ ስም በሚጠራው፣ በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቃሉ ትንቢተ ኤርምያስ ላይ አለ። ምዕራፍ 31 ቁጥር 14 ላይ እግዚአብሔር የካህናቱን ነፍስ እንደሚያረካ ይናገራል፤ ቃሉ እሱ ነው። እዚያው ኤርምያስ ላይ፣ ምዕራፍ 46 ቁጥር 10፣ በደም የሚጠግበው ሰይፍ ነው፤ ቃሉ አሁንም እሱ ነው። ዲያቆኑ ሌላ ነገር አላከለም። አንዱ በረከት፣ ሌላው እልቂት፣ ቃሉ አንድ። ከ4ኛውና ከ5ኛው ክርክር በላይ ይሄ አሳምኖኛል።

7ኛው ግን አልተዋጠለትም። ጥያቄው ስለ ሽሮና ስለ እንጀራ ነው፣ ሰይፉን ምን አመጣው ብሎ ተቆጣ። ሰሌዳው ላይ ሰይፍ ልትስሉበት ነው ወይ ብሎም ጠየቀ።

8ኛው የቃላት ዘር የሚቆጥር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከማንኛውም መድረክ አይጠፋም። የቃሉ ሥር የላቲኑ «ሳቲስ» ነው፣ በቂ ማለት ነው። «ሳቲስፋይ» እና «ሳቹሬት» ከዚያው ቤት ናቸው። «አሴት» የሚለው የሒሳብ ሰዎች ቃልም በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ ዘመዳቸው ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ የሟችን ዕዳ ለመክፈል የሚበቃ ንብረት ነበር። እስከዚህ ድረስ ደህና ሄደ። ከዚያ «ሳድ» የሚለውም፣ ማዘን ማለት የሆነው፣ ከላቲኑ የተወለደ ነው አለና ነገር ቆሰቆሰ።

9ኛዋ ሸዋ ሮቢት ያለች የሒሳብ ባለሙያ ናት። ስለ ጥጋቡ ደንታ የላትም። አሴት ማለት ለዕዳ የሚበቃ ማለት ከሆነ እኔ የማውቃቸው ነጋዴዎች ግማሾቹ አሴት የላቸውም ብላ አልፋለች።

10ኛው ስለታም ነው። «ሳድ» ከላቲን አልተወለደም አለ። የራሱ የጥንቱ እንግሊዝኛ ቃል ነው፣ «ሳቲስ» የአጎቱ ልጅ እንጂ አባቱ አይደለም። ድሮ ትርጉሙ የጠገበ፣ የበቃው ነበር። ከዚያ የታከተው ሆነ፤ ከዚያ ከባድ፣ ኮስታራ፤ በመጨረሻ ያዘነ። የጀርመኖቹ «ዛት» የጥንቱን ትርጉም እንደያዘ አለ፣ ዛሬም ጠገብኩ የሚሉት በሱ ነው። እርማቱ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን አላማረኝም። 8ኛውን፣ ይህ ዕውቀት ሳይሆን ጥጋብ ነው አለው።

ከዚያ ሁለቱ ተያያዙ። 11ኛውና 12ኛው የነሱ ነው፣ እዘለዋለሁ።

13ኛዋ ከመሐል ሜዳ የጻፈች እናት ናት። ልጆቹን እየገሠጸች የሚመስል ነገር አላት። ተዉ እንግዲህ ብላ ጀመረችና ስድባቸውን ራሱን ወደ ቁም ነገር መለሰችው። እኛ ዘንድ ሰው ጠገበ ከተባለ ወይ በልቷል ወይ ልቡ አብጧል። ጥጋበኛ የሚባለው ሰው ሆዱ ሞልቶ ሰውን የሚንቅ ነው። እንግሊዞቹ ግን ከልክ ያለፈውን ሲያስቡ ትዕቢት አይመጣባቸውም፣ መሰልቸት ነው የሚመጣባቸው። እናንተ የተሰዳደባችሁበት ጥጋብ በዚያኛው ቃል አይተረጎምም ብላ ዘጋችው። 10ኛው ከዚህ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

14ኛው ገጠመኝ ነው፣ ረዘም ያለ። መንዝ ውስጥ ፈረንጅ መምህር ይዞ ዘመድ ቤት የገባ ልጅ ነው የጻፈው። ፈረንጁ አማርኛ ይሞክራል። የገብስ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። በላ፣ በላና ጠገብኩ አለ። ባለቤቲቱ ሰምተዋል፣ ግን የሰሙ አልመሰሉም። አንድ እንጀራ ጨመሩለት። አሁንም ጠገብኩ። በሞቴ አሉና አጎረሱት። ሁለተኛ ጉርሻ ሲመጣ ፈረንጁ በሁለት እጁ አፉን ሸፈነ። ሴትዮዋ የጣታቸውን ሽሮ እንደያዙ፣ እጃቸውን አንጠልጥለው ቆሙ፤ እጁን እስኪያነሣ ድረስ ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ ጎረሰ። በኋላ ለልጁ ምን ብል ነበር የሚተዉኝ ብሎ ጠየቀው። እንግዳ ገና ሳይጠግብ ጠገብኩ ማለት ወጉ እንደሆነ፣ ባለቤትም ይህን ስለሚያውቅ የመጀመሪያውን ጠገብኩ እንደማይቆጥረው ልጁ አስረዳው። እኔ የምጨምረው፣ የኛ ቃልም ገበታ ላይ የሚለካው ስንተኛ ጊዜ እንደተባለ ነው።

15ኛዋ የሥነ ምግብ ተማሪ ናት። እስካሁን ያልተነካውን ነገር ያመጣችው እሷ ናት። በሙያው ሁለት ቃል አለ። «ሴይሺዬሽን» የሚባለው እየበሉ ሳለ እጅ እንዲነሣ የሚያደርገው ነው። «ሰታየቲ» የሚባለው ደግሞ ከተነሡ በኋላ እስከሚቀጥለው ምግብ ድረስ ሳይራቡ የሚያቆየው ነው። ቶሎ እጅ የሚያስነሣ ምግብ ሁልጊዜ ሆድ አይዝም። ሆድ የሚይዝም ሁልጊዜ ቶሎ እጅ አያስነሣም። ጨጓራ ሲወጠር ለአንጎል መልእክት ይሄዳል፣ ከአንጀትም የሚላኩ ንጥረ ነገሮች አሉ። ስብ ውስጥ የሚመረተው ሌፕቲን በ1994፣ ርሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን በ1999 ነው የታወቁት። ደግሞ ሰው የሚጠግበው ሁሉንም ምግብ አንድ ላይ አይደለም አለች። የቀመሰውን ጣዕም ይጠግባል፣ ለሌላ ጣዕም ግን ቦታ አለው። ባርባራ ሮልስ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ይህን በ1981 አሳይተዋል። ዶሮ ወጥ በቃኝ ያለ ሰው ቡና ሲፈላ ድፎ ዳቦ የሚቆርሰው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ክሩ ሊዘጋ ይችል ነበር። ግን ሆድ የሚይዝ የሚለውን አንዴ አነሣችው።

16ኛው የመንዝ ሰው ነው። ሆድ የሚይዝ ገብስ ነው፣ አለቀ። በሶ በጥብጦ ጠዋት የወጣ ሰው እስከ ማታ ምግብ አያምረውም ይላል። ብርድ ላይ ደግሞ ገብስ ወንድም ነው። 17ኛው ከምንጃር ነው። የምንጃር ጤፍ በልቶ የማያውቅ ሰው ስለ ጥጋብ ባያወራ ጥሩ ነው አለ። መንዞች ገብስ የሚያመሰግኑት ብርዱ ሌላ ስለማያበቅልላቸው ነው ሲልም ጨመረበት። 18ኛው ከእነዋሪ፣ ስንዴን የረሳችሁት ለምንድን ነው የሚል ቅሬታ ነው። ሦስቱም ቀልድና ቁጣ ቀላቅለዋል፣ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ተማሪዋ 19ኛው ላይ ተመልሳ ውሃ ልታፈስበት ሞከረች። በ1995 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 38 ዓይነት ምግብ ለሰዎች እያበሉ፣ ለ2 ሰዓት ያህል በየ15 ደቂቃው ምን ያህል እንደጠገቡ ጠይቀዋል። ነጭ ዳቦ 100 ተብሎ መለኪያ ሆነ። ክሩዋሳን 47 አመጣ። እንቁላል 150፣ ዓሣ 225። አንደኛ የወጣው ቅቅል ድንች ነው፣ 323። እንጀራ ከ38ቱ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ጤፍና ገብስ በዚህ ጥናት አይዳኙም። ገብስን በተመለከተ ግን አንድ የምትለው አላት። ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለው፣ ውሃ ሲያገኝ ይወፍራል፣ ምግቡ ከሆድ ቶሎ እንዳይወርድ ይይዘዋል። የበሶው ሰው ያለው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም።

20ኛው ከባሶና ወራና ነው፣ ድንች አምራች። ድል በሉኝ አለ። ገብስና ጤፍ ተጣልተው ዋንጫውን ድንች ወሰደ ብሎ የድንች ማሳውን ፎቶ ለጠፈ። ለሱ የተሰጠው አውራ ጣት ከመምህሩም ከዲያቆኑም በልጧል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ተማሪዋም በኋላ አስታውሳለች። ለሁሉም የቀረበው እኩል 240 ኪሎ ካሎሪ ነው። ያንን ያህል ካሎሪ በክሩዋሳን ሲሆን ሁለት ሦስት ጉርሻ ነው፤ በቅቅል ድንች ሲሆን ግን ሳህን ሙሉ ነው። ጨጓራ የሚወጥረው ብዛቱ ነው። ያው ድንች በዘይት ተጠብሶ ሲቀርብ 116 ብቻ ነው ያመጣው።

ከዚያ 21ኛው ላይ ባለ ምግብ ቤቱ ራሳቸው ብቅ አሉ። ልጃቸው አንብቦላቸው ኖሯል። ተቆጥተዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም። እናንተ ልጆች ስለ ሰይፉም ስለ ድንቹም ተማርኩባችሁ አሉ፣ ተባረኩ። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። መኪና ውስጥ ተቀምጦ እየራበው የሚያልፍ ሰው ምን ቢያነብ ነው የሚቆመው?

22ኛው ጓሳ ድረስ እንግዳ የሚወስድ አስጎብኚ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጡትን ያውቃቸዋል። መልሱ አጭር ነው፣ ለኔ ግን የሰሌዳውን ጥያቄ የመለሰው እሱ ነው። ጋሼ፣ እንግዳው አጠግብሃለሁ የሚለውን ቃል አይፈልግም አለ። መኪናው እየሄደ የሚያነበው የምግቡን ስም ነው። ቡና አለ? እንቁላል አለ? ትኩስ ዳቦ አለ? ሽንት ቤት አለ? እነዚህን አራቱን በትልቁ ጻፉ። ማጥገቡን ገብቶ ያየዋል። መልካም ምኞት መጨመር ከፈለጉም ሰው የሚለውን ተራ ቃል ያስገቡ፣ ተርባችሁ ግቡ፣ ደስ ብሏችሁ ውጡ ዓይነት።

እኔም እዚህ ላይ ወስኛለሁ። መምህሩ ስለ ቃሉ የተናገሩት ልክ ነው። ቃሉ አልተሳሳተም፣ ሰው በሱ አይሳደብም፣ መጽሐፍ ቅዱስም ላይ አለ። ግን ከምግብ ቤት ደጃፍ ይልቅ የምርምር ጽሑፍና የጋዜጣ ዓምድ ነው ቤቱ። አንድ እንግሊዛዊ አይቶ እንዳይስቅበት ሰሌዳ ላይ ባላሰፍረው እመርጣለሁ። ስለ ጉጉት ወይም ስለ ንባብ ጥም የሚጽፍ ሰው ግን ሳይፈራ ይጠቀምበት። ለውሃ ጥም ከሆነ «ክዌንች» ይሻለዋል፣ ይህን መምህሩም በውስጥ መስመር አረጋግጠውልኛል።

23ኛው አንድ ወጣት ነው፣ ይህን ክር ካነበብኩ ወዲህ «ሴይሺዬት» የሚለው ቃል ትርጉም የለሽ ድምፅ ሆነብኝ አለ። ተማሪዋ ከሥሩ ለሱም ስም አላት። አንድን ቃል ደጋግሞ ከማየት ከመስማት የተነሣ ትርጉሙ ለጊዜው ሲጠፋ «ሴማንቲክ ሴይሺዬሽን» ይባላል፣ ስያሜው በ1962 ከአንድ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ የመጣ ነው። ልጁ ሳቅ ለጥፎ ወጣ።

24ኛው ነገሩን ወደ ጾም ወሰደው። ሰሌዳው ላይ የጾም ምግብ እንዳለ ጻፉ፣ ግን «ፋስቲንግ ፉድ» እንዳትሉ ሲል አስጠነቀቀ። ፈረንጁ ፋስቲንግ ሲያነብ ምግብ የሌለበት ቤት ነው ብሎ ያልፋል። «ቪጋን» ብላችሁ ጻፉ፣ አዲስ አበባ ላይ ብዙዎቹ እንዲያ ነው የሚጽፉት። ጋሼ ይሄን በጣም ወደዱት። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ አያስገቡም፣ ሽሮውና ምስሩ ያኔም አለ። ቪጋን የሚለው ከቡናው ቀጥሎ እንዲገባ አዘዙኝ። ዲያቆኑ ግን በጾም ቀን ከሰዓቱ በፊት ለፈረንጅ ማብላትስ እንዴት ነው የሚል ጥያቄ አነሣ። እሱ ላይ እስካሁን 7 ሰው እየተከራከረ ነው፣ እዚህ አላመጣውም።

25ኛው ሰሌዳው ስንት ብር እንደሚያወጣ ጠየቀ። ወንድሜ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር ነው።